ለሃንዳ ባዝራዎች የመጣው ክትባት

ባሏ ባዛር በድንገት ልቡ ቆሞ ከሞተ ወዲህ ሃንዳ ከሁሉ አብልጣ የምታምነው ሰው የባሏ ታላቅ ወንድም ጎምቦ ነበር። ሁለቱ ቤተሰቦች ከኦርኾን ወንዝ በላይ ባለው ሸለቆ የሱፍ ድንኳኖቻቸውን ጎን ለጎን ተክለው፣ ፈረሶቻቸውን ከአንድ ውሃ እያጠጡ ኖረዋል። ባዛር የተቀበረ ዕለት ጎምቦ የሃንዳን የማገዶ ክምር አይቶ፣ ካባውን አውልቆ እስኪመሽ እንጨት ሲፈልጥላት ዋለ። ሃንዳ ይህን አልረሳችም።

ኑሮዋ በባዝራ ወተት ነው። በሐምሌ ሳሩ ሲለመልም እሷና ልጇ ሶሎንጎ ውርንጭላዎቹን በገመድ አስረው ባዝራዎቹን ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱ ያልባሉ። ወተቱ ከበሩ አጠገብ በተሰቀለው ትልቅ ስልቻ ውስጥ እየተናጠ ይፈላል፤ ሲደርስ አይራግ የሚባለው መጠጥ ሆኖ ወደ ኡላንባታር በሚወስደው መንገድ ዳር ይሸጣል። የበረዶው ወራት የሚታለፈው በዚያ ገንዘብ ነው። ጎምቦ ግን አያልብም። እሱ ፈረስ የሚያረባው ለሽያጭና ለእሽቅድምድም ነው፤ መንጋውም ከሃንዳ መንጋ በብዙ ይበልጣል።

በዚያ ሐምሌ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ፑንጻግ በሞተር ብስክሌት መጣ። ከባዝራዋ ጎን ቆማ ስታልብ አገኛት።

«እትዬ ሃንዳ፣ ከታች ወረዳ አባ ሰንጋ ገብቷል። ክትባት ከነገ ወዲያ ይዤ እመጣለሁ። የእርስዎም ድርሻ ተይዟል። ባዝራዎችዎን ሰብስበው ይጠብቁኝ።»

«ወተቱስ?»

«ከተወጉ በኋላ ለጥቂት ጊዜ አይጠጣም። ይደፋል።»

«በሐምሌ?»

«በሽታው ሐምሌ ነው ብሎ አይጠብቅም» አለ ፑንጻግ። «በግድ አልወጋም። ግን ያስቡበት።»

ማታውን እናትና ልጅ ተከራከሩ። ሶሎንጎ እናስወጋ አለች። ሃንዳ ደግሞ የሚደፋው ወተት እየታያት እህልም አልበላ አላት። በማግስቱ ጎምቦ መጥቶ እንደልማዱ በእንግዳው ቦታ፣ በስተግራ ተቀመጠ፤ ሶሎንጎ አይራግ በጎድጓዳ ሳህን ቀዳችለት።

«ያ ሐኪም እናንተም ጋ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር ጋሼ። እርስዎ ምን አሉት?»

«እሺ አልኩት። እሺ ካላሉት መች ይሄዳል? ሻዩን እየጠጣ ይከርማል እንጂ።»

ሃንዳ ሳቀች። «እና ያስወጋሉ?»

«እኔ?» ጎምቦ ከንፈሩን በእጁ ጠረገ። «አባታችን በሕይወት እያለ አንድ ጊዜ አስወግተን አይተነዋል። የግማሾቹ አንገት አብጦ ሳር መዋጥ አቃታቸው። የሚያጠቡትም ነጠፉ። ነገ በማለዳ መንጋዬን ወደ ላይ፣ ወደ ጥዱ ደን እወስዳለሁ። መጥቶ ባዶ ሜዳ ይውጋ።»

«አጎቴ፣ ማስወጋት ይሻላል እኮ» አለች ሶሎንጎ።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሐኪም ሆንሽ? ስልክሽ ነው የነገረሽ?»

«ሐኪሙ ነው የነገረን።»

«ሐኪሙማ ደመወዙን ያገኛል። እናትሽ ወተቷን ደፍታ ምን ልትበላ ነው?» ወደ ሃንዳ ዞረ። «ያንቺን ጉዳይ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን የወንድሜን ባዝራዎች መርፌ ባይነካቸው ደስ ይለኛል።»

ሃንዳ አዎ ወይም አይ አላለችም። እውነቱን ለመናገር ልቧ መስማት የፈለገውን ሰምቶ ነበር። ተኝታ ስታገላብጠው ግን ሌላ ነገር መጣባት፤ ወተት ቢደፋ ባዝራዋ ነገ ትሰጣለች፤ ባዝራዋ ከሞተች ግን ማን ይሰጣል? ጠዋት ተነስታ ሶሎንጎን ቀሰቀሰቻት።

«ሰብስቢያቸው። እናስወጋለን።»

«አጎቴስ ምን ይላል?»

«ይቆጣል። ከዚያ ይበርድለታል።»

ባዝራዎቹን በረት አስገብተው ጠበቁ። የዚያን ቀን ሐኪሙ አልመጣም። በማግስቱም ሶሎንጎ በየጊዜው ኮረብታው ላይ እየወጣች መንገዱን አየች፤ ሰው የለም። እንስሳቱ ስለራባቸው ማታ ለቀቋቸው። ጎምቦ ከጥዱ ሲመለስ ሃንዳ እፍረት ቢጤ እየተሰማት ነገረችው።

«ሐሳቤን ቀይሬ ስጠብቀው ነበር ጋሼ። አልመጣም።»

ጎምቦ የፈረሱን ልጓም እያስተካከለ ቀና አላለም። «መድኃኒቱ አልቆበት ተመለሰ ሲሉ ሰምቻለሁ። የመንግሥት ነገር ታውቂ የለም?»

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ወንዙ ሞልቶ ዳር ያለውን አፈር ቦረቦረው፤ ውሃው ሲጎድል ረግረጉ ላይ ለምለም ሳር በቀለ፤ የሁለቱም ቤት ፈረሶች እዚያ ወረዱ። አንድ ጠዋት የሃንዳ ቦራ ባዝራ ከመንጋው ተለይታ ቆማ ተገኘች። ከአንገቷ ሥር እስከ ደረቷ አብጧል፤ ሆዷን እያየች ታቃስታለች። ሃንዳ አንገቷን አቅፋ እብጠቱን ስታሽላት፣ አፍንጫዋን በእጇ ስትጠርግላት ቆየች። ፀሐይ ሳትግል ባዝራዋ ወደቀች። ከአፍንጫዋ የወጣው ደም ጥቁር ነበር፤ አልረጋም አለ።

ሶሎንጎ የስልክ መስመር ወደሚገኝበት ኮረብታ ጋለበች። ፑንጻግ ጓንትና ጭምብል አድርጎ ከረዳቶቹ ጋር ሲደርስ ሁለተኛዋም ወድቃለች። «አባ ሰንጋ ነው፤ ጎርፉ ነው ከአፈር ያወጣው። ማንም እንዳይነካት። ቆዳዋም እንዳይገፈፍ» አለ። በቀጣዮቹ ቀናት አምስት ባዝራዎችና ጡት ያልጣለች አንዲት ውርንጭላ አለቁ። የተረፉትን ፑንጻግ መድኃኒት ወጋቸው። ሸለቆው ተዘጋ፤ አይራግ መሸጥ ቀረ፤ በስልቻው የነበረውም ተደፋ።

ጎምቦ ጉድጓድ ሲቆፍርና እሳት ሲያነድ ዋለ። ቦራዋ ስትቃጠል አለቀሰ፤ ሃንዳ ለወንድሙ ትዝታ ያለቀሰ መስሏት አጽናናችው። ከሱ መንጋ አንድም አልታመመም። «ዕድል ነው» አለች ሃንዳ፤ ለሱም ደስ አላት።

ከዚያ የሃንዳ ክንድ ላይ የማያም ብጉር ወጣ። ብጉሩ ፈነዳና መሐሉ እንደ ከሰል ጠቆረ። ሶሎንጎ ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ ተኝታ መርፌ እየተወጋች ቆየች። ቁስሉ መድረቅ ሲጀምር ፑንጻግ ብስኩት ይዞ ሊጠይቃት መጣ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

«እትዬ ሃንዳ፣ በጣም አዝኛለሁ። ያኔ ድርሻዎን ባይሰጡ ኖሮ...»

«የምን ድርሻ?»

«የክትባቱን ነዋ። ለጋሼ ጎምቦ የሰጡትን።»

ሃንዳ ትክ ብላ አየችው። ፑንጻግ ባርኔጣውን ማሽከርከሩን ተወ።

«ጋሼ ጎምቦ ጥዱ ጋ ጠብቀውኝ ነበር። 'ሃንዳ ወተቷን መድፋት አልፈለገችም፤ የሷ ድርሻ ለእኔ መንጋ እንዲሆን ብላለች' አሉኝ። የተመደበላቸው አልበቃቸውም ነበር። የእርስዎ ሲጨመር ሞላላቸው።»

«እኔ በረት ዘግቼ ስጠብቅህ ነበር» አለች ሃንዳ።

ፑንጻግ መሬት መሬት አየ። «ወርጄ ልጠይቅዎ ይገባኝ ነበር። የባልዎ ወንድም ናቸው ብዬ ነው።»

«እኔም እንደዚያው ብዬ ነው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሶሎንጎ ምን ሆንሽ ብትላት የሚያማት ክንዷ እንደሆነ ነገረቻት። ጎምቦ አብሯት ማልቀሱ ነበር የሚመላለስባት። ጉድጓዱን የቆፈረው ሰው፣ ትከሻውን የደገፈችው ሰው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያውቅ ነበር።

ወደ ቤቷ በተመለሰች ማግስት ጎምቦ ሦስት ባዝራዎች እየነዳ መጣ። ሁለቱ ዳማ፣ አንዷ ቡላ፤ ሦስቱም ከመንጋው የተመረጡ ናቸው። በሯ ላይ አቆማቸው።

«ላንቺ ናቸው። የወንድሜ ቤት ባዶ ሆኖ አላይም።»

«ተወግተዋል?» አለች ሃንዳ።

ጎምቦ የቡላዋን አንገት ዳበሰ።

«ተወግተዋል ወይ ነው የምልህ?»

በሃያ ምናምን ዓመት አንተ ብላው አታውቅም። ጎምቦ የገመዱን ጫፍ እጁ ላይ ጠመጠመ።

«ፑንጻግ ነገረሽ» አለ። «ስሚኝ ሃንዳ። መድኃኒቱ ለግማሾቹ ብቻ ነበር የሚበቃው። ግማሹን አስወግቶ ግማሹን መተው ምን ይጠቅማል? አንቺ ደግሞ ስታመነቺ ነበር። አይሆንም የምትዪ መሰለኝ። በሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል ብዬም አላሰብኩም።»

«አይመጣም ብለህ ካሰብክ ድርሻዬን ለምን ወሰድክ?»

ጎምቦ የጠመጠመውን ገመድ ፈታው።

«የአባትህን ፈረሶች ታሪክስ? አንገታቸው ያበጠውን?»

«እሱ... አንዷ አብጣ ነበር። ትንሽ።»

ሃንዳ በሩ ላይ ተቀመጠች። «ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር» አለች። «መንጋዬ ትልቅ ነው፣ አልበቃኝም ብትለኝ፣ ተካፍለን እናስወጋ ነበር። አንተ ቤቴ ገብተህ፣ አይራጌን ጠጥተህ፣ አሞኝተኸኝ ወጣህ። ላስወጋ ስጠብቅ እንደዋልኩ ስነግርህም ዓይኔን ሳታይ መድኃኒቱ አለቀ አልከኝ።»

«ባዝራዎቹን ውሰጂያቸው» አለ ጎምቦ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «በወንድሜ ይሁንብሽ።»

«ወንድምህን አትጥራብኝ። ውሰዳቸው።»

ሶሎንጎ በኋላ ነገሩን ስትሰማ እናቷን ተቆጣቻት። «የኛ የሆነውን ነው የመለሰው! ለምን አልተቀበልሽም?» ሃንዳ ልጇ ልክ እንደሆነች ታውቃለች፤ ግን በየቀኑ እያለበች እሱን ማሰብ አልፈለገችም። በተረፉት ለመኖር ወሰነች።

የመጀመሪያው በረዶ ሳይጥል ወደ በረዶው ወራት ሰፈር መውረጃው ጊዜ ደረሰ። እስከዚያ ዓመት ሁለቱ ቤቶች የሚጓዙት በጎምቦ መኪና አብረው ነበር። ሃንዳ ግን ከእናቷ ዘመዶች መኪና ለምና፣ ከተራራው ማዶ ወዳለው ሸለቆ ልትሄድ ዕቃዋን አሰረች። ጎምቦ እንደየዓመቱ የድንኳኑን ምሰሶ ለማውረድ መጥቶ ቆመ። ማንም ና አላለውም፣ ሂድም አላለውም። እናትና ልጅ ምሰሶውን ራሳቸው አወረዱት፤ ከብዷቸው ሁለት ጊዜ አሳረፉት። ጎምቦ እጁን ካባው ውስጥ ከቶ ሲያይ ቆይቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

በረዶው ቀልጦ ጸደይ ሲገባ ፑንጻግ ተራራውን ዞሮ አዲሱ ሰፈር ድረስ መጣ። የሃንዳን ባዝራዎች አንድ በአንድ ወጋ፤ ሃንዳ ራሷ ጆሯቸውን ይዛ አቆመችለት። የአንዷ አንገት ትንሽ አብጦ ከቀናት በኋላ ጎደለ። ጎምቦ በዘመድ በኩል ሁለት ጊዜ ሰላምታ ልኮባት ነበር። መልእክተኛውን ሻይ አጠጥታ፣ ስለ መንገዱ ጠይቃ፣ ያለ መልስ ሸኘችው።