የሙሀመድኑር ሞተሪኖ

ልጄ ሙሀመድኑር የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በክረምት፣ በሞተር ሳይክሉ ሰንበቴ ገበያ ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። ከሚሴ በሙሉ የቦርከና ወንዝ ጨፋ ረግረግ ላይ ወሰደው አለ። እኔ ሬሳ ሳላይ አልቀበልም አልኩ። ለተዝያ፣ ሊያስተዛዝኑኝ የመጡትንም ከደጅ መለስኳቸው። ሳዑዲ ተሻግሮ ይሆናል፤ ልጄን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ሚስቱን ዘይናንም «ባልሽ በሕይወት አለ፣ ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች።

ጎረቤታችን ከማል ሊያገባት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። የሰደብኳቸውን ስድብ እዚህ አልደግመውም። በአራተኛው ራሱ መጣ። ከአሱር ሰላት በኋላ ነው፣ ሙቀቱ ገና አልበረደም። ሞተሩን ደጄ ላይ አቁሞ፣ ቁልፉን ነቅሎ በእጁ ይዞ ገባ።

«አካም ኦልተን እማ ረቢአ?»

«ደህና ነበርኩ፣ አንተን እስካይ።»

ዘይና ውሃ ልትሰጠው ስትነሳ ሞተሩ ከውጭ ጮኸ።

ክር። ክር። ክርርርር።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጆሮ ግን አለኝ። ሁለቴ ታንቆ በሦስተኛው የሚለቅ ሞተር ከሚሴ ውስጥ የአንድ ሰው ብቻ ነበር። ሳላዘው እጄ የበሩን መወርወሪያ ሊስብ ተነስቷል፤ ለልጄ እንደዚያ ነበር የምከፍትለት። ዘይና ጣሳውን ጣለችው።

«ማን ነካው?» አለ ከማል። ወጥተን አየን። ደጁ ላይ ፍየል እንኳ የለም።

«የማንን ሞተር ነው ይዘህብኝ የመጣኸው?»

«የራሴ ነው እማ! ሞተሪኖው ተቃጥሎብኝ ኑርሁሴን ትናንት ሌላ ቀየረልኝ። ያገለገለ ነው።»

ሞተሪኖ ሞተሩን የምታስነሳ፣ ጭብጥ የምታክል ብረት ናት። ልጄ ግቢዬ ውስጥ ስንቴ ፈቷታል። አንድ ቀን ሽቦዋ የሚገባበት ፕላስቲክ ተሰብሮ እሳት ስትረጭበት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከባቲ ያስመጣሁትን የፍየል ቆዳ መስገጃዬን፣ ጥጉን ቆርጦ ወተፈባት። ቀይ ፀጉሩ እንዳለ! ያን ቀን የወረድኩበትን እኔ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ በሰገድኩ ቁጥር ያቺን ጎዶሎ ጥግ አያታለሁ።

«ኑርሁሴንን ጥራው» አልኩት።

ኑርሁሴን የሰፈራችን መካኒክ ነው፤ ምላሱ ከእጁ ይፈጥናል። እየሳቀ መጣ። «እማ፣ ጂን አይደለም። መብራት የሚያቀብለው እቃ ሲጣበቅ ያለ ቁልፍም ይነሳል።»

«አታውራ፣ ፍታው።»

ገመዱን ነቅሎ ሞተሪኖውን አወጣና በረንዳዬ ላይ ባለችው ዱካ፣ በበርጩማዬ ላይ አስቀመጠው። ሁለቱን ረጃጅም ቡሎኖች ፈታ። ክዳኑ ሲለቅ ደረቅ ግራጫ ጭቃ ረገፈ። ሳቁ ቆመ።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከጨፋ ሮቢት፣ ከአንድ የብረት ነጋዴ። ውሃው ሲሸሽ ከረግረጉ ከወጣ ሞተር ላይ ነው የፈታሁት አለኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁልፉ እንደተከፈተ ነበር አለኝ።»

በካቻቢቴው ጫፍ አንዲት ቁራጭ ቆዳ ፈልቅቆ አወጣ። ቀይ ፀጉር አላት።

መስገጃዬን አመጣሁ። ዘይና ቁራጯን ተቀብላ ከጎዶሎው ጥግ አጠጋቻት። ገጠመች።

«ሸጦት ይሆናል» አልኩ። «ሞተሩን ሸጦ ባሕር ተሻግሮ ይሆናል።»

ኑርሁሴን የሚያደርገው ቢያጣ ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ገመድ የለው፣ ባትሪ የለው። ሞተሪኖው ዱካው ላይ እንዳለ በራሱ ዞረ።

ክር። ክር።

ሦስተኛውን ጠበቅን። አልመጣም። የጨፋ ረግረግ ሽታ ግን ግቢውን ሞላው፣ በዚህ ደረቅ በጋ። ኑርሁሴን ቢስሚላሂ፣ ቢስሚላሂ እያለ ወደ ግድግዳው ሸሸ። ከማል ጫማውን ረስቶ በአጥሩ ዘሎ ወጣ።

እኔ አልሸሸሁም። ሦስት ዓመት ደጅ ያቆምኩት የገዛ ልጄ ነው፤ ማንን ልፍራ? ሄጄ መወርወሪያውን ሳብኩና መዝጊያውን በረገድኩት።

«ግባ ሙሀመድኑር» አልኩ። «ሞተሃል። ሰምቻለሁ።»

ከዚያ እዚያው አፈር ላይ ተቀምጬ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አልኩ። ለሞተ ሰው የሚባል፣ ሦስት ዓመት አፌ እምቢ ያለው ቃል ነው። ሽታው ጠፋ።

በማግስቱ ተዝያ ተቀመጥኩ፤ ሬሳው በሌለበት ተሰገደለት። ስለ ዘይና ኢዳ፣ ባሏ ሞቶባት ሳታገባ ስለምትቆይበት ጊዜ፣ ሼሁን ብጠይቃቸው፣ የሚቆጠረው ባል ከሞተበት ቀን ነው፣ ካለቀ ቆይቷል አሉኝ። ያስቀመጣት ሸሪዓው አልነበረም ማለት ነው፤ እኔ ነኝ። ጠርቼ እንደዚያው ነገርኳት።

«ካሻሽ ከማልን አግቢው» አልኳት። «ጫማውን ጥሎ የሚሮጥ ወንድ ነው፤ እሱ ግን ያንቺ ጣጣ ነው።»

እያለቀሰች ሳቀች።

ሞተሪኖውን ጨፋ ወስደን ከወንዙ ዳር ቀበርነው። ከማል ሞተሩን በእግሩ እየረገጠ ያስነሳል፤ ሌላ ሞተሪኖ አላስገባም ብሏል። ጥጓን ግን መስገጃዬ ላይ መልሼ ሰፋኋት። በየቀኑ ፀሐይ ላይ አሰጣታለሁ፣ ሌላው ቆዳ ደርቆ ይንኳኳል። አሱር ስሰግድ እጄ ሲነካት ያቺ ጥግ ሁልጊዜ እርጥብ ናት።