የትንሿ አምባዛ እሾህ

ፀጉር ሠሪዋ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የምታየው የዓሣ ገንዳዋን ነው። ስስ አሸዋ በተነጠፈበት ገንዳ ውስጥ ድንክ አምባዛዎች ታረባለች። አውራ ጣት አያክሉም፤ ጎናቸው እንደ ጥሩር በተደራረበ ቅርፊት ተሸፍኗል፤ ተሰብስበው አሸዋውን በጢማቸው ሲዳብሱ ይውላሉ። አንዳንዴ አንዷ ሽው ብላ ወጥታ አየር ትጎርስና ትመለሳለች። ደንበኛ ሁሉ የቤቱን ጣጣ ሲያራግፍባት ስለሚውል፣ እሷም የምታራግፈው እዚህ ነበር።

የዚያን ዕለት ግን ገንዳው ውስጥ የማታውቀው ዓሣ አገኘች። መዳፍ የሚያህል፣ አፈ ሰፊ፤ አፉን በርግዶ በጎኑ ተጋድሞ ይንሳፈፋል። ከአፉ የአንዷ አምባዛ ጭራ ብቅ ብሏል።

“ምንድነው ይሄ?”

ታላቅ ወንድሟ ከሶፋው ብድግ አለ። “አንቺን ነበር የምጠብቀው! አለቃዬ የሰጠኝ ዓሣ ነው። ከመክተቴ ያንቺዋ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅራ ልትገድልብኝ ነው!”

“የኔዋ ናት አጥፊዋ?”

“እሾህ እንዳላቸው ለምን አልነገርሽኝም?”

ደሟ ፈላ። “ጠይቀኸኝ ነበር? በሰው ገንዳ አውሬ ስትለቅ ‘ልክተት ወይ’ ብለኸኛል?”

እናታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። “ተይ እንግዲህ ልጄ፣ ታላቅሽ አይደል? ዓሣ እንደሆነ ይገዛል።”

“የሱም ይገዛላ፣ እማዬ!”

ወንድሟ ክፍሏን ለኮምፒውተሩ ሲወስድባት አልጋዋን እናቷ ክፍል አስገብታ ዝም ብላለች። ፀጉር ማድረቂያዋን ሳያስፈቅድ ወስዶ ሲያቃጥልባትም ዝም ብላለች። ዛሬ ግን አልዋጥላት አለ።

እጅጌዋን ሰበሰበች። ከቦርሳዋ ወረንጦና ትንሿን መቀስ አወጣች። አምባዛ ስትደነግጥ የክንፎቿን እሾህ ገትራ ትቆልፋለች፤ ዝም ብሎ ቢጎትቷት የዋጣትን ጉሮሮ ትቀድዳለች። ስለዚህ ትልቁን ዓሣ በእርጥብ ጨርቅ ይዛ፣ እሾሁን በመቀስ ቆርጣ፣ ትንሿን ቀስ አድርጋ አወጣቻት። ውኃው ላይ ስትለቃት አልተንቀሳቀሰችም። ሰጥማ አሸዋው ላይ አረፈች። ጓደኞቿ መጥተው በጢማቸው ዳበሷት፤ ከዚያ ሄዱ።

ትልቁ ዓሣ ወደ ገንዳው ስትመልሰው መተንፈስ ጀመረ። ወንድምየው አጨበጨበ። “ተመስገን! ተረፈልኝ!”

ያቺ ጭብጨባ አሳበደቻት። ዓሣውን በባልዲ ቀዳችና ወንድሟ ክፍል ገብታ አልጋው መሃል ከነባልዲው አስቀመጠችው። ውኃው አንሶላው ላይ ተንቦጫረቀ።

“ዕብድ ነሽ እንዴ?” አለ ከኋላዋ።

“አዎ! ከእንግዲህ የኔን ነገር ብትነካ ታየኛለህ!”

በማግስቱ የሥራ ጓደኛዋን ለምና ገንዳውን ተሸክመው ፀጉር ቤቱ አስገቡት። እሷም የጓደኛዋ ቤት ማደር ጀመረች።

ሰነባብተው እናቷ ፀጉራቸውን ሊሠሩ መጡ። መስታወቱ ፊት ተቀምጠው ገንዳውን ሲያዩ ቆዩ።

“ዓሣውን ለአለቃው መለሰው” አሉ። “ባልዲ አይበቃውም ብሎ።”

“ጎሽ። እኔንስ ይቅርታ ይጠይቀኛል?”

“እሱ እንግዲህ… ኩሩ ነው፤ ታውቂው የለ።”

ማበጠሪያዋ ጠንከር ብሎ ወረደ።

“ኧረ ቀስ፣ ነቀልሽኝ!”

“እማዬ፣ ልታስታርቂን ከሆነ የመጣሽው፣ ገና ነን” አለችና ሌላ ቃል እንዳትሰማ ማድረቂያውን ለቀቀችው።