የማይከፈተው መስኮት

እሑድ ማለዳ ዓለምጸሃይ የባሏን ቀኝ እጅ ስትጠብቅ አረፈደች።

ባሏ አጥናፉ በሽታ ግራ ጎኑንና አንደበቱን ከወሰደበት ሁለት ዓመት አልፎታል። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ወደ ጊዮርጊስ ያያል። እሑድ እሑድ ጎህ ሲቀድ የዝግባውን መዝጊያ ወለል አድርጋ ትከፍትለታለች። ዲያቆኑ በድምፅ ማጉያው «ተንሥኡ ለጸሎት» ባለ ቁጥር፣ መነሣት የማይችለው ሰው ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ በላይ ያነሣል። ቆሞ እንዳስቀደሰ ነው የምትቆጥርለት።

የዚያን ዕለት ግን እጁ አልተነሣም። ዐይኑን መስታወቱ ላይ ተክሎ ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ ቅዳሴው ሳይሰማው አለቀ።

መስኮቱ የተቀየረው ቅዳሜ ነበር። የአሮጌውን ሥር ምስጥ ስለበላው ክረምት ሳይገባ መላ ይፈለግለት ያለችው ራሷ ናት። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የሚሠራው አናጢ የሲን መጥቶ አየና፣ የታችኛውን አግዳሚ ብቻ በአሥራ አንድ ሺህ ብር ልቀይረው አላት። ልጇ ራጉኤል ሳቀ። በዚህ ዘመን እንጨት የሚጠግን ማን አለ ብሎ፣ አርአያ የሚባል የአሉሚኒየም ሠራተኛ ይዞ መጣ። አርአያ ተከፋቹ በካሬ አሥራ አራት ሺህ፣ የማይከፈተው ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ነው አለው። ሁለቱ በር ላይ ቆመው ተንሾካሹከው ጨረሱ። እሷን የጠየቃት የለም። አዲሱ መስኮት እጀታ እንደሌለው ስታይ እንኳ፣ ነገ ይገጥሙት ይሆናል ብላ ነበር።

ራጉኤል ጋ ደወለች።

«ሆን ብዬ ነው እማዬ» አላት። «አባዬን ብርድ እንዳይመታው። ደግሞ ያ ድምፅ ማጉያ ሲጮህበት እንዴት ብሎ ይተኛል?»

ሲጮህበት። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። በዚያው ድምፅ ነቅቶ በዚያው ድምፅ ያደገ ልጅ።

ንዴቷን በጸሎት መዋጥ ልማዷ ነው። አቡነ ዘበሰማያትን ጀመረች፤ የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ላይ ስትደርስ ምላሷ እምቢ አለ። እንደገና ጀመረች። እዚያው ላይ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ አርአያ ተጠርቶ መጣና መስታወቱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። «እትዬ፣ ሰው ድምፅ እንዲያግድለት ጨምሮ ይከፍላል፤ እርስዎ ረክሶ ሲመጣልዎት ይቆጣሉ?»

ወደ ተከፋች መቀየር ቢፈልጉ ሌላ ፍሬም በሙሉ ዋጋ፣ ያውም ከሦስት ሳምንት በኋላ መሆኑን ነገራት። ከዚያ ግቢው ውስጥ ወደተጋደመው አሮጌ መስኮት ሄዶ፣ እግረ መንገዴን ይኼን ቆሻሻ ላንሣልዎት ብሎ ከመኪናው ብርድ ልብስ አወጣ። እንደ ሕፃን ይጠቀልለው ጀመር።

«ቆሻሻ ከሆነ ለምን ታለብሰዋለህ?» አለችው።

አንድ ካፌ ለግድግዳ ጌጥ እንደሚፈልገው አጉረመረመ። ዓለምጸሃይ ሄዳ መስኮቱ ላይ ተቀመጠች። መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ከዚያ አልተነሣችም።

ሰኞ ወደ የሲን ወረደች። አናጢው መጥቶ አዲሱን መስታወት ሳይሰብር ነቀለና ከግድግዳ አስደገፈው፤ የአሮጌውን የዝግባ መስኮት አግዳሚ ቀይሮ ቦታው መለሰው፤ ማጠፊያውን ዘይት ቀባ። የገረመውን ሳይናገር የሚያልፍ ሰው አይደለም። «እኔ ነግሬዎት ነበር፣ እትዬ ዓለምጸሃይ» አለ። «ምስጡ እንኳ ሥሩን ብቻ ነው የበላው። እነሱ ሙሉውን ሊበሉት ነበር።» ከቅዳሜ ወዲህ ያልሳቀችው ሴት ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ግን አልሳቀችም።

ቅዳሜ ማታ ራጉኤል መጣ። የተደገፈውን መስታወት ሲያይ ያ ሁሉ ብር መና ቀረ ብሎ ተነጫነጨ፤ የሰፈሩ መስኮት ሁሉ ሲቀየር የእነሱ ብቻ እንጨት ሆኖ ሰው እንደሚስቅባቸውም ተናገረ። እዚህ እደር ብቻ አለችው።

ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰችውና አባቱ አልጋ አጠገብ አቆመችው። መዝጊያውን ወለል አደረገች። ብርዱም ድምፁም አብረው ገቡ።

«ተንሥኡ ለጸሎት።»

የአጥናፉ ቀኝ እጅ ቀስ ብላ ከብርድ ልብሱ ወጣች፤ አየሩ ላይ ተነሥታ ቆየች። ራጉኤል ደነገጠ። ጎንበስ ብሎ የአባቱን ክንድ መልሶ ሊያለብስ ብርድ ልብሱን ያዘ።

እናቱ እጁን መታችው።

«ተወው» አለች፣ ድምፅዋ ገና አልበረደም። «አባትህ ቆሟል።»