መስኮት ክፈቱ የሚለው መጽሐፍ

...ይሄም ይውጣ፣ ይሄኛውም፣ አቧራህን ይዘህ ውጣ፣ ወደፊት ሰው ደመናን ከላይ ሆኖ ፎቶ ሊያነሳ ይችል ይሆናል ይላል፣ ይሆናል! ኧረ ወንድሜ፣ ስልኬ ላይ ነው ያለው፣ ማኅተም ጧ፣ ተሰርዟል፣ ወደ ካርቶን። ጊዜ ያለፈባቸው የአየር ጠባይ መጻሕፍት በሙሉ እስከ ዓርብ ከቤተ መጻሕፍቱ እንዲወገዱ ስትል ዳይሬክተሯ ጽፋለች፣ እሺ፣ ይወገዱ፣ ለመደርደሪያውም ለእኔም ግልግል ነው። አንዱ ብቻ ነው የቸገረኝ። ሰማያዊው፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈው፣ ከጠዋት ጀምሮ አነሳዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

የዌንደል መጽሐፍ ነው። ባሌ እዚሁ ትምህርት ቤት፣ እዚሁ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ያነበበው፣ ስዕሉን በቃሉ የሚያውቀው፣ ክራባት ያሰረ አባወራ ፈገግ ብሎ መስኮት ሲከፍት፣ ነፋሱን የሚያሳዩ ቀስቶች፣ ከስሩም፣ አውሎ ነፋስ በተቃረበ ጊዜ የቤትዎን መስኮቶች ይክፈቱ፣ አለበለዚያ ቤትዎ ከውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ቤት መተንፈስ አለበት ጆሊን፣ ይለኝ ነበር አፉ ምግብ እንደሞላ፣ እሺ ዶክተር፣ እለው ነበር፣ መጀመሪያ አንተ ዋጥ አድርገህ ተንፍስ።

ወይ ዌንደል።

አዲሶቹ መጻሕፍት ባለፈው ሳምንት ገቡ፣ ካርቶኑን ራሴ ቀደድኩት፣ የመጀመሪያውን ገለጥኩ፣ ምን አቅብጦኝ ገለጥኩ፣ መስኮት ለመክፈት ጊዜ አያጥፉ፣ ምንም ጥቅም የለውም፣ ወዲያውኑ ከመሬት በታች ወዳለው ምድር ቤት ይውረዱ። ሌላ ቃል የለም። ቀጥሎ ስለ በረዶ ያወራል። ሽንት ቤት ገብቼ የሹራቤን እጅጌ ነከስኩ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አማቴ በአውሎ ነፋሱ ቀን ቤቱን አቁሞ ያቆየው ልጄ ነው ሲሉ ጭንቅላቴን በአዎንታ ስነቀንቅ ኖሬያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ይሉታል፣ ጸጉር ቤት ይሉታል፣ እኔን ሊያግዙ መጥተው ካርቶን እያሸጉም ይሉታል፣ አሁን እንኳ ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው ለማንም ሳይሆን፣ መስኮቶቹን ባይከፍት ኖሮ ቤቱ ፈንድቶ አንቺም እኔም ልጅቷም አልቀን ነበር። አዎ እማማ አርዲስ፣ እላለሁ። ምን ልበል? በዚያ ቀን ሁላችንም ወደ ምድር ቤቱ ወርደን ነበር፣ እሱም ወርዶ ነበር፣ ከታች ነበር፣ እጄ ክንዱ ላይ ነበር፣ እሳቸው ዌንደል መስኮቱን! ብለው ጮሁ፣ መጣሁ አለ፣ ደረጃውን እየዘለለ ወጣ። ጣሪያውን ነፋሱ ሲነቅለው እንጨቱ እሱ ላይ ነው የወረደው። ግድግዳው ቆሟል። ግድግዳው የቆመው በራሱ ነው።

እና ይህን ለእናቱ ማን ይንገር፣ እኔ? ልጅዎ የሞተው በከንቱ ነው ብዬ? ኧረ ምላሴ ይቆረጥ።

ይሄ የዌንደል አይደለም እንዴ? አግኝተውታል፣ ሰማያዊውን፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፍተው። ምን አደረገ ደግሞ ይሄ? አርጅቷል እማማ። እኔስ አላረጀሁም፣ ካርቶን ውስጥ ልትከቺኝ ነው? ይስቃሉ፣ ስዕሉን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ፣ አንጀቴን በሉት። ስጪኝ በቃ፣ ለማርሊ አነብላታለሁ፣ ያባቷ ነው።

ማርሊ። ልጃችን፣ ሁለተኛ ክፍል፣ ከትምህርት ቤት ወጥታ እኔ እስክጨርስ ከእሳቸው ጋር ነው የምትውለው። ስጪያቸው፣ ወረቀት ነው፣ አሮጊት እናትን ከልጃቸው የቀረቻቸውን ነገር ማን ይነፍጋል፣ ይውሰዱት፣ ማርሊን ማታ በጆሮዋ ሹክ እላታለሁ፣ አያትሽ ያነበቡልሽን እርሺው ብዬ፣ እንዴት ነው የምላት፣ እሳቸው...

ሳይረኑ።

ሰኞ ቀትር ነው፣ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ጩኸቱ የሳምንት ሙከራ፣ በዚህ ከተማ ማንም ማንኪያውን አያስቀምጥለትም፣ ከምግብ አዳራሹ የቺሊ ወጥና የቀረፋ ዳቦ ሽታ ይመጣል፣ ልጆቹ ከሳይረኑ ጋር ያላዝናሉ፣ ኡኡኡ፣ አስተማሪዋ ዝም በሉ ትላለች። እማማ አርዲስ ግን ብድግ። ወደ መስኮቱ። እጃቸው መቀርቀሪያው ላይ።

ሙከራ እኮ ነው እማማ።

አውቃለሁ ልጄ፣ እጄ እንዳይረሳ ብዬ ነው፣ ትምህርት በሌለ ጊዜ ከማርሊ ጋርም እንለማመዳለን፣ እሷ የኩሽናውን እኔ የመኝታ ቤቱን፣ ስትሮጥ ብታያት፣ ቁርጥ አባቷን።

ቁርጥ አባቷን።

መስኮቱ ተከፈተ፣ ነፋስ ገባ፣ ወረቀቶቼ ተበተኑ፣ እና አፌ፣ እኔ ሳልሆን አፌ፣ መስኮት አይከፈትም እማማ፣ አለ። ምን? አይጠቅምም፣ ምንም አይጠቅምም፣ መውረድ ብቻ ነው፣ ማርሊ ትውረድ፣ በእግዜር፣ ትውረድ ብቻ። ሳይንሱ ተለወጠ እንዴ? ይላሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኗል። ዝም ልል እችላለሁ፣ አዎ ተለወጠ ልል እችላለሁ፣ ግን እያዩኝ ነው፣ በዌንደል ዓይን። አልተለወጠም እማማ። ድሮም አይጠቅምም ነበር።

ድሮም?

ሳይረኑ ቆመ። እያየኋቸው በሐሳብ ወደዚያ ቀን ይመለሳሉ፣ ደረጃችንን ሲወርዱ፣ ሲጮሁ፣ እሱ ሲዞር። ሁሉም ፊታቸው ላይ ያልፋል። መስኮቱን መልሰው ሊዘጉ ይታገላሉ፣ ላግዝ ስነሳ ተይኝ ይላሉ፣ ይዘጉታል፣ መስታወቱ ላይ ግንባራቸውን ያስደግፋሉ።

እኔ ነኝ የጮህኩት፣ ጆሊን።

እኔም ልጮህ ነበር እማማ፣ ቀደሙኝ እንጂ። እውነት ነው? ይላሉ። እውነት ነው፣ አፌን ከፍቼ ነበር፣ በዚህ ከተማ መስኮት ክፈቱ ያልተባለ ማን አለ፣ ሁላችንም እዚህ ምንጣፍ ላይ ነው የተማርነው።  ሁለቱን መስኮት ከፍቶ ነበር አይደል? ይላሉ። አዎ። የሦስተኛው መቀርቀሪያ ዝጎ ነበር። አዎ እማማ፣ ዝጎ ነበር። ታዲያ ለምን አልተወውም፣ ልጄ፣ ለምን ትቶት አልመጣም።

 ወንበር አመጣላቸዋለሁ፣ ይቀመጣሉ፣ ሰማያዊውን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብዬ አነሳዋለሁ፣ አይከለክሉኝም፣ ማኅተም፣ ቀለሙ አልያዘም፣ እንደገና ጧ፣ ዛሬ ማርሊ ስትወጣ አብረን እንሄዳለን፣ ደረጃውን ነው የምናለማምዳት፣ መስኮት የለም፣ ደረጃውን ብቻ፣ ሦስታችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ ታች፣ መጣሁ የሚል የለም፣ ማንም ተመልሶ አይወጣም፣ ማንም...