የእሁዱ ስልክ

«እናትሽ ደርሳለች፤ ተነሺና ተቀበያት እንጂ» አለች ጀዋሪያ፣ የሲምቦን ትከሻ ነቅነቅ እያደረገች።

ሲምቦ ከሐዘንተኞች ፍራሽ ላይ አልተነሳችም። እናቷ ያለችው አርሲ ነው። ደርሳለች የተባለችው ፀዳል ከድሬዳዋ የመጣች የሟች እህት ናት፤ ሲምቦ በዓይኗ አይታት አታውቅም። ይህን እዚህ ጅቡቲ፣ ፔካ 12 ሰፈር ውስጥ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ሟቿ አበሩ ብቻ ነበረች። እሷም ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

በሰፈሩ ዘንድ ሲምቦ «ሀና» ናት፤ የአበሩ የእህት ልጅ። በአበሩ ምግብ ቤት ደጃፍ በተተከለው ድንኳን ደንበኞቿ የከባድ መኪና ሾፌሮች ይመጡና «ሀና፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሏታል። አንገቷን ደፍታ አሜን ትላለች። ከሁሉም የቅርብ ናት ብለው ትልቁን ፍራሽ፣ ከማራገቢያው ፊት ለፊት ያለውን፣ ለቀውላታል። ሦስት ቀን ሙሉ ቆረቆራት።

የዛሬ ዓመት ወደ የመን ልትሻገር መጥታ፣ ትኩሳት ይዟት እዚሁ ደጃፍ ተዘርራ ነበር። አበሩ አፏ ሻካራ ነው። «እዚህ ሞተሽ ደንበኛ እንዳታሸሺብኝ» ብላ ጎትታ አስገባቻት። ጎረቤቷ ጀዋሪያ ብቅ ብላ «ትመጣለች ያልሽን የእህትሽ ልጅ ይቺ ናት?» ስትል፣ አበሩ ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ መለሰችና «አዎ፣ ሀና ናት» አለች። ለምን እንደሆነ ሲምቦ አልገባትም። አልጋ አግኝታለች፤ ማን ብለው ቢጠሯት ግድ አልነበራትም።

በሳምንቱ እሁድ ስልክ ጮኸ፤ ፀዳል ነበረች። አበሩ ስልኩን በመዳፏ አፍና ለሲምቦ ሰጠቻት። «የኛዋ ሀና ሰው ሳያያት እኔ ጋ ሁለት ቀን አድራ የመን ሄዳለች፤ ስልክ የላትም። እናቷ እንዳታብድብኝ ‹ደህና ነኝ እማዬ› በያት። ሌላ እንዳትዘባርቂ።»

ሲምቦ ግን እያደር መዘባረቅ ጀመረች። በኋላማ ራሷ በገዛ ስልኳ ትደውል ነበር። ሩዙን ማሳረሯን ነገረቻት። በሶማሊኛ ከአትክልት ሻጩ ጋር ተከራክራ ማሸነፏን ነገረቻት። አበሩ ሳትኖር ምግብ ቤቱን ብቻዋን ከፍታ መዋሏን፣ ጀልባው ሊነሳ ነው ብሎ የመጣውን ደላላ ዓይን ዓይኑን እያየች «አልሄድም» ማለቷን ሁሉ ነገረቻት። ከወዲያ ያለችው ሴት «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ሰው ሆንሽ» አለቻት። አርሲ ስትደውል የገዛ እናቷ የምትጠይቃት መቼ ሳዑዲ እንደምትገባ ብቻ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው አበሩ ታማ አልጋዋ ላይ ሆና እውነቱን ያወጣችው። ሀና ከኦቦክ ወደብ የተሳፈረችባት ጀልባ ገና ሲምቦ ሳትመጣ ተገልብጣለች፤ አስከሬኗም ተገኝቷል። «ለእህቴ የማረዳበት አፍ አጣሁ። እኔ ካለፍኩ አንቺ ንገሪያት» አለች። ሲምቦ እሺም እምቢም ሳትል ሴትዮዋ አረፈች።

አሁን ነገሩ ሁሉ ይምታታባታል። ደላላውን እምቢ ያለችው ሲምቦ ናት፤ «ሰው ሆንሽ» የተባለችው ግን ሀና ናት። የዓመቱ ሥራ፣ ድፍረቱ፣ ሳቁ የማን ነበር? የራሷን ነው የኖረችው ወይስ ለሞተች ልጅ አንድ ዓመት ቀጠለችላት? መርዶውን ስትናገር ያቺ የእሁዷ ልጅ አብራ እንደምትሞት ታወቃት፤ ፈራች። ስለ ራሷ መፍራቷ ደግሞ አሳፈራት።

ሾፌሩ ጌቾ ፀዳልን ደግፎ አስገባት። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ብድግ አለ። ሴቶቹ ሲምቦን በብብቷ አንስተው፣ እናትና ልጅ ይላቀሱ ብለው፣ ወደፊት ገፏት። ፀዳል ፊቷን አየቻት። ቆይታ አየቻት። ከዚያ እቅፍ አደረገቻትና በጆሮዋ፣ «እስቲ ድምፅሽን አሰሚኝ» አለች።

ሲምቦ ሌላ ቃል ጠፋት። «ደህና ነኝ እማዬ» አለች።

«አንቺው ነሽ» አለች ፀዳል። ተያይዘው ፍራሹ ላይ ወደቁ። ለቅሶው ተነሳ። ለቀስተኛው ሁሉ ለአበሩ የሚያለቅሱ መስሎታል።

ጋብ ሲል ሻይ ዞረ። ፀዳል ብርጭቆዋን ሳትነካ በሹክሹክታ፣ «የወለድኳትን ድምፅ የማላውቅ መሰለሽ? የመጀመሪያው እሁድ ነው ያወቅሁት» አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» በስልክ «አንቺ» ስትላት የኖረችው ሲምቦ ዛሬ አንቱ አለቻት።

«ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሻ። ሳልጠይቅ ሳምንቱን እገፋው ነበር። በኋላ ደግሞ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ የአንቺም ወሬ ይናፍቀኝ ጀመር።»

«ሀና ኦቦክ ላይ…» ብላ ጀመረች ሲምቦ።

ፀዳል አፏን በመዳፏ ከደነችው። «ገብቶኛል። ስምሽ ማነው?»

«ሲምቦ።» በዓመቱ ከአፏ ሲወጣ ስሙ የሌላ ሰው መሰላት።

ፀዳል ከደረቷ ቁልፎቹ የተፋፋቁ ስልክ አወጣች። «ማንበብ አልችልም። እሁድ እሁድ ብልጭ የምትለዋን ጽሑፍ ግን መልኳን አውቃታለሁ። ያንቺን አድርጊበት።»

ሲምቦ የራሷን ቁጥር ፈልጋ አገኘች። ከላዩ «ሀና» ይላል። ማጥፊያውን ተጫነች፤ «ና» ጠፋች። ፀዳል አንገቷን አስግጋ ብቻዋን የቀረችውን ፊደል አየች፤ ከዚያ እጇን ሰድዳ የሲምቦን አውራ ጣት ያዘች።

«ይበቃል» አለች። «የቀረችውን ነገ።»

ጣቷን ግን አልለቀቀችም።