የሚያምር ፍንዳታ

አንድ የቪዲዮ ጌም ድርጅት ከቶኪዮ የላከው ኢሶጋይ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ በሳቅ ፈረሰ።

"የጌሙ መርከብ ፈነዳች ነው የምትሉኝ ወይስ ተዳረች?"

ናኦዬ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በዚህ በሃማማትሱ ከተማ የፒያኖ ፋብሪካ፣ እሷና ሁለት ባልደረቦቿ ለጌም ማጫወቻ ድምፅ የምትሰጥ ጥፍር የምታህል ቺፕ ሲሠሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እስከ ዓርብ ፍንዳታው ፍንዳታ ካልሆነ ኢሶጋይ ሌላ ቤት ይሄዳል፣ ክፍላቸው ይዘጋል፣ እሷም ወደ ኦርጋን ፔዳል ፍተሻ ትመለሳለች። ያንን ሥራ ደግሞ ከልቧ ትጠላዋለች።

ችግሩ የቤቱ አመል ነው። እዚህ ፋብሪካ ድምፅ የተባለ ሁሉ ሳይጠራና ሳይለሰልስ ከበር አይወጣም። ሦስቱም ሸካራ ነገር በሰሙ ቁጥር እጃቸው ሳያዙት ያቃናዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ፍንዳታውን ለማበላሸት ታገሉ፤ ጭራሽ አማረ።

ሐሙስ ጠዋት ናኦዬ ጨነቃትና ወደ ፒያኖ ቃኚው ወደ ሙራማትሱ ወረደች። ሽማግሌው ጌም የሚባል ነገር ዓይኑን ላፈር ያሉ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ አስቀያሚ ድምፅ ቸገረኝ።"

"ምን አልሽ?"

"አስቀያሚ። ጆሮ የሚያስይዝ።"

"አንቺ ልጅ፣ አመመሽ እንዴ? አርባ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ትእዛዝ መጥቶልኝ አያውቅም።"

"ካላገኘሁ እኮ ፔዳል ልፈትሽ ነው።"

ሙራማትሱ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው የፒያኖውን ክዳን ከፈቱ። ቃኚ መጥፎ ድምፅ ሲያሳድድ ይኖራል፤ እሳቸውም ያሳደዱትን ሁሉ በስም ያውቁታል። አንዱን ክር አላሉና መቱት፤ ክሮቹ እርስ በርስ ተነታረኩ።

"ይሄ 'ባልና ሚስት' ነው።" ቀጥለው የተሰነጠቀ የፒያኖ ጣውላ አስነዘሩ። "ይቺ ደግሞ 'የአማት ሳል'። ጻፊ እንጂ፣ ምን ትገለፍጫለሽ!"

ናኦዬ እየጻፈች፣ ደረጃውን እየሮጠች፣ የሰማችውን ሁሉ ቺፗ ውስጥ ስትከት ዋለች።

ዓርብ ኢሶጋይ ማዳመጫውን አድርጎ ቁልፉን ተጫነ። በድንጋጤ ዘሎ ሻዩን ሸሚዙ ላይ ደፋው።

"ይሄ ነው! ይሄ ነው እንጂ! በቃ፣ ተስማምተናል!"

በር ላይ ቆመው የነበሩት ሙራማትሱ ማዳመጫውን ተቀበሉት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ደግመው ሰሙ። ናኦዬ ከኢሶጋይ ይልቅ እሳቸውን ፈራች።

"ጎበዝ!" አሉ በመጨረሻ። "በእኔ እጅ ቢሆን ይሄን ድምፅ ከፋብሪካው አላስወጣውም ነበር።"

ናኦዬ እንዲህ ያለ ሙገሳ ከማንም ሰምታ አታውቅም።