ቆጣሪው በፍልሰታ

ጣሪያዬ ላይ ስድስት የሶላር ፓነል ካሰቀልኩ ወዲህ ሰው አልሆንኩም። እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ሱቄ ውስጥ ቆሜ እንኳ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነው። ስልኩ ላይ አንዲት ቀስት አለች። ወደ ቤት ስትዞር መብራት እየገዛን ነው፤ ወደ ውጭ ስትዞር የእኛ ትርፍ ወደ መንገዱ እየወጣ ነው። መብራት መሥሪያ ቤቱ ፈትሾ ካጸደቀልን ደግሞ ያንን ትርፍ ከእኛ ይገዛል። እኔ፣ ለመብራት ኃይል ሻጭ! ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ።

ፍተሻውን ከፋሲካ ጀምሮ ስለምን ኖሬ ለነሐሴ ደረሰኝ። ባለሙያው ቀስቷ ወደ ውጭ ስትሄድ በዓይኑ ካላየ ወረፋው እንደገና ከኋላ ነው። እኔም ብልጥ ነኝና ቀጠሮውን በፍልሰታ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አስያዝኩ። በጾም ቤታችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምድጃ አይለኮስም። ከአዲስ አበባ የመጡት አማቴ እማማ ኪዳን እያሉማ ማን ደፍሮ! የጾሙ መጀመሪያ ቀን ረፋድ ላይ ብስኩት ስቀምስ አይተውኝ፣ ልጃቸው ሆዳም እንዳገባች ለዘመድ ሁሉ በስልክ አዳርሰዋል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ባለሙያው ባፈና በሰዓቱ መጣ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ቆጣሪው ፊት ቆምን። ቀስቷ ወደ ቤት ዞራለች። «ቤት ውስጥ መብራት የሚበላ ከባድ ዕቃ እየሠራ ነው፤ አጥፋው» አለኝ ባፈና።

እየሮጥኩ ገባሁ። የውሃ ማሞቂያው ጠፍቷል፣ ምድጃው ቀዝቃዛ ነው። በመጨረሻ የአማቴን የጓሮ ክፍል በር ገፋ አደረግሁ። እማማ ኪዳን በትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽንኩርት ያቁላላሉ፣ አፋቸው ውስጥ ዳቦ አለ። አጠገባቸው የስኳር መድኃኒታቸው ተቀምጧል። ተያየን። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ያጥፉልኝ ብል ምሳቸውን ማስጣል ሆነብኝ። በሩን ቀስ ብዬ መለስኩት።

ለባፈና «የውሃ ማሞቂያው ነው፣ አልጠፋ ብሏል» አልኩት። ወረፋዬንም በልቤ ተሰናበትኩ። ባፈና አየሩን አሸተተ።

«ወንድሜ፣ የእናንተ ውሃ ማሞቂያ ሽንኩርት ይጠብሳል?»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱም ተከተለኝ። ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ ቀስቷ ዞር አለች። ወደ ውጭ! ዘልዬ ባፈናን አቀፍኩት። እሱም እየሳቀ የፍተሻውን ወረቀት ፈረመ። ዞር ስል እማማ ኪዳን ሳህን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል።

«ምን ፈልገህ እንደመጣህ ገብቶኝ ምድጃዬን አጥፍቼዋለሁ» አሉ። «የንስሐ አባቴ ለስኳሬ ሲሉ ፈቅደውልኛል። ያንን ሁሉ ሰድቤህ ግን በምን ዓይኔ ፊትህ ልብላ?»

«እማማ፣ እርስዎ ካልበሉ ይህን ወረቀት አልቀበልም» አልኳቸው።

ለባፈና ከዳቦው ቆርሰው ሰጡት። ከዚያ እዚያው ቆጣሪው አጠገብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፊቴ ቆመው ጎረሱ።